የእማማ አሳየሽ መልሶች

አዲስ አበባ
ጥር 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚልክያስ ጩማ፣ ሶዶ

እንደምን ከረምክ? እንዲህ ባለ ጊዜ እንደምን ነህ ማለት ቢከብድም ወጉ ነውና እላለሁ። ደብዳቤህን የጎረቤትህ የነጋዴው የአብዱልመጂድ አይሱዙ ሾፌር ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ስለ እናትህ ስለ ወይዘሮ አሳየሽ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ኮሌጅ ሳስተምርህ በዓል በመጣ ቁጥር በአንተ እጅ ቆጮና ዳጣ ይልኩልኝ የነበረውን አልረሳሁም። እንደሳቸው ያለ ዳጣ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ ነገር ልግባ። እህትህን ብሩክታይትን «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ብዬ አውቶቡስ ላይ እንዳስቀምጣት፣ መርዶውን እናንተ በወጉ፣ በማለዳ፣ በዘመድ መካከል እንድታረዷት ለምነኸኛል። ወጉን አውቃለሁ፤ እኔም አባቴን የተረዳሁት እንዲሁ ነው። ግን አይሆንም ሚልክያስ።

እህትህ እዚህ ምን እየሠራች እንደሆነ ታውቃለህ? ድርጅታችን ያሳተማቸው የምርምር መጻሕፍት በሙሉ መጋቢት ላይ በድረ ገጽ ይከፈታሉ። ፈረንጆቹ የረዱን ለዚህ ነው፤ ቀኑም የእነሱ ነው። ችግሩ፣ ሠላሳ ምሁር ሠላሳ ዓይነት አማርኛ ይጽፋል። አንዱ «ሥነ ምኅዳር» ያለውን ሌላው «ኢኮሎጂ» ይለዋል፤ አንዱ በሀሌታው ሀ የጻፈውን ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ሰው ገምቶ አይረዳህም፤ በአንዱ ጽፈህ በሌላው ብትፈልገው «የለም» ብሎህ ቁጭ ነው። ለአንድ ነገር አንድ ስም፣ ለአንድ ስም አንድ አጻጻፍ የሚለውን ሕግ ያወጣችው፣ ከገጽ ገጽ እየዞረች የምታስፈጽመውም ብሩክታይት ናት። ነገሩ ሁሉ ያለው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ዛሬ ለቅሶ ብላ ብትወጣ፣ ከዚያ ዘመድ ሲጠይቃት፣ ከዚያ ሐዘኑ ሲጎትታት፣ ድረ ገጹ ውኃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ እስከ መጋቢት ታገሥ። ቀብሩ እንደሆነ አልፏል። የሚቸኩለው ሕያው ነው እንጂ ሙት አይቸኩልም። እናትህ ለእሷ ያስቀሩት ቃል እንዳለም ጽፈህልኛል። ቃል አይሻግትም፤ ያዝላት።

ከዚህ ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ እንሰት የጻፍከው ረቂቅ ሦስት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ ተኝቶ ነበር አይደል? ትናንት አወረድኩና አቧራውን አራገፍኩለት። ከድረ ገጹ መክፈቻ ጋር ቢወጣ እንዴት ያምር ነበር እያልኩ ነው።

ገብረማርያም


ሶዶ
ጥር 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ ገብረማርያም፣ አዲስ አበባ

በጌታ ስም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔና ባለቤቴ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እስከ ትናንት ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ነበር። ረቂቄን ስላነሱት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ «አይሆንም» የሚለውን ሳነብ ደብዳቤውን ልቀደው ነበር። የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነብ ደግሞ ተቀምጬ ደገምኩት። እንግዲህ እርስዎ ካሉ እስከ መጋቢት እንታገሣለን።

ቃሉ ምን እንደሆነ እንዲገባዎት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ለጊፋታ፣ ለእኛ ዘመን መለወጫ፣ ብሩክታይት መጥታ ነበር። የጸሎት ቤት እንግዶች ተቀምጠዋል። እማ በአማርኛ ታጫውታቸዋለች፤ የእማ አማርኛ እንደሚያውቁት ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል። ብሩክታይት በእንግዳ ፊት አረመቻት። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ልማዷ ሆኖባት ነው እንጂ ለክፋት አልነበረም። እማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን በአማርኛ ማናገር ተወች፤ አዲስ አበባ ስትመለስም ሳትመርቃት ገባች። ብሩክታይት ከዚያ ወዲህ ለእማ የምትልከው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፦ «እማ አሁንም ተቀይማኛለች?»

እማ ልትሞት ስትል ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእህቴ ነው። ግን ይቅርታ ነው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ የሰማ የለም።

አሁን የጨነቀኝ ሁለት ነገር ነው። ትናንት ከብሩክታይት ለእማ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ምን ልበል? ደግሞ አጎታችን ጦና፣ የዕድራችን ዳኛ፣ በየማለዳው ደጄ ላይ ቆሞ «ልጅቷስ?» ይለኛል። ለእሱስ ምን ልመልስ?

ልጅዎ ሚልክያስ


አዲስ አበባ
የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሚልክያስ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ።

ስለ ደብዳቤው ምን እንዳስጨነቀህ አልገባኝም። እናትህ ማንበብ አይችሉም ነበር። ብሩክታይት የጻፈችውን የምታነብላቸው አንተ፣ እሳቸው ያሉትን የምትጽፈው አንተ። ስልክ እንደሆነ «በሽቦ ውስጥ የሚያወራ ሰው አላምንም» ብለው ነክተው አያውቁም። ታዲያ ምን ተለወጠ? አንባቢው አለ፣ ጸሐፊው አለ። ብሩክታይት ለድረ ገጹ የቃላት ዝርዝር ብላ እናትህን በደብዳቤ የምትጠይቀው የእንሰት ነገር ነው፤ የሚፋቅበት ሳንቃ ምን ይባላል፣ የሚቀበርበት ጉድጓድ ምን ይባላል፣ እንዲህ ያለውን። ስለ እንሰት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ይህን ያጣል? አጭር አድርገህ መልስ። ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ። በፊትማ እናትህ አንዱን ዕቃ በሦስት ስም እየጠሩ፣ በመካከሉ እየተቆጡ፣ ልጅቷን መከራ ያሳዩዋት ነበር።

ይቅርታውን ብቻ ልጻፍላትና ትረፍ ብለህ አስበህ እንደሆነ፣ እንዳታደርገው። እናቷ የተቀየመቻት ልጅ እንዴት እንደምትሠራ አላየህም። ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉ ዘግይታ ትወጣለች፣ አንዱን ገጽ ደጋግማ ታያለች። ታርቀውሻል ብትላት በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ሶዶ ናት። ያ ጥያቄ ሲመጣ ዝለለው።

የአጎትህና የጎረቤቱ ነገር የአንተ ነው፤ የአገርህን ሰው የምታውቅ አንተ ነህ። ግን «መርዶውን ሰምታለች፣ ሥራ ይዟት ነው የቀረችው» ብትል ከውሸት የሚቆጠር አይመስለኝም። ሥራ አይደለም እንዴ የያዛት? ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ጌታህ ይሞላልሃል።

ገብረማርያም


ሶዶ
የካቲት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ክቡር ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን እንበል።

እንዳሉኝ አደረግኩ። እሁድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ አጎቴ ጦና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቀኝ፣ እኔም «ሰምታለች፣ ሥራ ይዟታል» አልኩ። ጋሼ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀና በሕዝቡ ፊት እንዲህ አለ፦ «እንግዲያው ያቺ ልጅ ስትመጣ ጡሩምባ አይነፋላትም። ለእናቷ ያልመጣች፣ እኛም አንመጣላትም።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ላይገባዎት ይችላል። እኛ ዘንድ መርዶ ዘግይቶ የደረሰው ሰው ሲመጣ ዕድሩ እንደገና ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ሟቹ ዛሬ እንደሞተ ሆኖ አብሮት ያለቅሳል። ማንም ሐዘኑን ብቻውን አይውጠውም። ብሩክታይት ይህንን ነው የተነፈገችው። ከእማ ጋር አብረው ይጸልዩ የነበሩት ሴቶች «አሜን» አሉ። ወሬው ቦዲቲ ደርሷል፤ ከሁምቦ የእማ ዘመዶች «አዲስ አበባ ልጅ ትበላለች» ብለው ላኩብኝ። ያልኩትን አላስተባበልኩም። ምን ልበል?

አንዲት ሴት ብቻ አስቸግራኛለች። የአብዱልመጂድ ሚስት ዛራ የእማ የልብ ወዳጅ ናት፤ እማ ከገበያ ስትመለስ ሱቃቸው አርፋ ሳትስቅ ቤቷ አትገባም ነበር። ስልኩም ያለው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ዛራ እህቴ እናቷን እያወቀች አትቀርም ብላ ሙግት ያዘችኝ። ሲጨንቀኝ ነገሩን ነገርኳትና ዝም እንድትል ለመንኳት። «የቤታችሁ ነገር ነው፣ አፌን አስገብቼ አልናገርም፤ የጠየቀኝ ሰው ካለ ግን ወላሂ አልዋሽም» አለችኝ። አሁን ስኳር ልገዛ ስገባ ከልጇ ጋር ነው የምታገናኘኝ።

የእማን መልሶች ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። አጭር አድርጌአቸዋለሁ።

ሌላው፣ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስሜ «ደራሲ» ተብሎ ነው የሚወጣው ወይስ «አዘጋጅ»? ፎቶግራፍ ካስፈለገም ኮት ለብሼ የተነሣሁት አለኝ።

ልጅዎ ሚልክያስ


አዲስ አበባ
የካቲት 29 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለደራሲ ሚልክያስ ጩማ

ይኸው፣ ደራሲ ነህ። ፎቶውንም ላከው፤ ኮቱን አይቼ እወስናለሁ።

የእናትህ መልሶች ደርሰውናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እናትህ ከሞቱ ወዲህ እንደሳቸው ያለ መረጃ ሰጪ አላገኘንም። አይደግሙ፣ አይቆጡ፣ ከነገሩ አይወጡ። ብሩክታይት ወረቀቱን ይዛ ቆየች። ምነው ብላት «እማ አንድ አንድ ስም ብቻ ነው ያለችው» አለችኝ። ሕጋችን ገብቷቸዋል ማለት ነው አልኳት። ፈገግ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ ከበፊቱ እጥፍ የሚሆን ጥያቄ ጻፈች፤ ይኸው ልኬልሃለሁ። ትጋት ማለት ይህ ነው።

ጠርጥራ ይሆን ወይ ትል ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እህትህ ግን የምትጠረጥረው ፊደል ብቻ ነው። እርግጥ በጸሎት ቤቷ የአገሯ ልጆች ሰላምታ እንደነሷት ነግራኛለች። ምን እንዳደረገቻቸው ታውቅ እንደሁ ጠየቅኳት፤ አላውቅም አለች። እኔም አላውቅም አልኳት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ነው።

አንድ አዲስ ሕግ አውጥታ አጸደቅኩላት። በየቃሉ ሥር ቃሉን ማን እንደተናገረው፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደፈቀደው የምትገልጽ አንዲት መስመር ትገባለች፤ በሁሉም ገጽ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። «የማስገባውን ሁሉ ያዩታል?» ብትለኝ፣ አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው ብዬ ፈረምኩላት።

ደስ የማይልህ አንድ ዜና አለ። የፈረንጆቹ አለቃ ዕረፍት ስለወጡ መክፈቻው ከፋሲካ በኋላ ሆኗል። ያው ቻለው። እስካሁን የቆየ መርዶ ትንሽ ቢጨመርበት አይከብደውም።

ገብረማርያም


ሶዶ
መጋቢት 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ክቡር ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ለእማ አንድ እሽግ መጥቷል። ጫማ ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ተረከዝ የሌለው። እማን እግሯን ያማት ስለነበር ብሩክታይት ከደመወዟ ገዝታ ነው የላከችው። ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ከነወረቀቱ ተቀመጠ። ባለቤቴ አልነካም አለች። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ የእሷ ጫማ ደግሞ ተቀዶ ነበር፤ አደረገችው። ልኳ ነው። እኔም ለእህቴ «ልክ ሆነልኝ ብላለች» ብዬ ጻፍኩ። ከጫማው ጋር በቁራጭ ወረቀት ያው የለመደችው ጥያቄ ነበረች። እንዳሉኝ ዘለልኳት።

ጋሼ፣ ይብቃን። ለመጽሐፉ ብዬ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ነው የገባሁበት፤ አልክድም። ግን በእናቴ አፍ ቃል ባስገባሁ ቁጥር የእናቴ ድምፅ እየጠፋኝ ነው። እንዴት ትቆጣ እንደነበር ላስታውስ ብል የሚመጣልኝ የራሴው አጭር መልስ ነው። ትናንት ባለቤቴ ያንን ጫማ አድርጋ በጓሮ ስታልፍ ሰምቼ «እማ» ብዬ ተጣራሁ። ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም አፈርኩ።

ዛራ አሁን ጭራሽ አታናግረኝም። ከአዲስ አበባ ስልክ መጥቶ ነበር ወይ ብላት «ስልክማ ሁልጊዜ ይመጣል» አለችኝ። ለማን እንደመጣ አልነገረችኝም። እባክዎ እህቴን አሁን ይልቀቁልን። ካልሆነም መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ እንደሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ሚልክያስ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሚልክያስ፣ እንኳን ደስ ያለን!

ትናንት ተከፈተ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በትልቁ ሸራ ላይ ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሳየሁ፤ ከላይ ቃሉ፣ ከመካከል ትርጉሙ፣ ከታች ያቺ አንዲት መስመር። ሁሉም በአንድ ልክ፣ በአንድ መልክ። አንብቤው አይደለም፤ ነገር ሲመሳሰል ዓይን ያርፍበታል። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። የመጽሐፍህ ሽፋንም የፊተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ከነኮትህ። ኅትመቱ እንኳ በጀት ሲገኝ ይታያል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ብሩክታይትን ጠርቼ «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሂጂ ጠይቂያቸው» አልኳት። «ትንሽ ነው?» አለችኝ። ትንሽ ነው አልኳት። ቦርሳዋ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዋ ሥር ነበር። ቀኑን ሙሉ ያላወለቀችውን ካፖርት ስታወልቅ ከውስጥ ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፤ ለበዓሉ ያጌጠች መስሎኝ ጥቁር ያምርብሻል አልኳት። «አመሰግናለሁ፣ ከለበስኩት ቆየሁ» ብላኝ ወጣች። ነገ ከሰዓት እናንተ ዘንድ ናት።

እንግዲህ መርዶውን በወጋችሁ አድርጉት። የእኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ።

ገብረማርያም


አዲስ አበባ
ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሚልክያስ፣

ሰላምታውን ተወው። በዚህ መካከል የላክኸውንም የይቅርታ ደብዳቤ ተወው። እኔ ዘንድ እሳት ነድዷል።

ድረ ገጹን አይተኸዋል? የእንሰቱን ቃላት ክፈት። እናትህ ከሞቱ በኋላ አንተ በላክሃቸው ቃላት ሥር፣ በእያንዳንዱ ሥር፣ አንድም ሳይሳሳት እንዲህ ይላል፦ «ተናጋሪ፦ አሳየሽ፣ ከሞተች በኋላ። ጸሐፊ፦ ልጇ ሚልክያስ ጩማ። ፈቃጅ፦ ገብረማርያም፣ ዋና አዘጋጅ።» በጫማው ቀን የላክኸው እንኳ ገብቷል፤ «ልክ ሆነልኝ» የሚለው ለቃል አጠቃቀም ምሳሌ ተደርጎ! ሥሩም ያችው መስመር። እኔ ያንን ነው በትልቅ ሸራ ለሕዝብ ያሳየሁት። እኔ ያንን ነው ያጸደቅኩት። የፈረንጆቹ አማካሪ፣ አማርኛ አንባቢው የእኛው ሰው፣ ስልክ ደውሎ ሙታንን የምታናግሩት በየትኛው በጀት ነው ብሎ ስቆብኛል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሪፖርት እንደሚጽፍ ነገረኝ።

የድረ ገጹ የይለፍ ቃል ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው። ባለሙያ አስጠርቼ ነበር፤ ብዙ ቀን ይፈጃል አለኝ። መጽሐፌስ ብለህ ጠይቀኸኛል። ስምህ እኮ ወጥቷል፣ በየገጹ!

አሁን አንድ ነገር አድርግ። እናንተ ዘንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ሽማግሌ ላክባትና ታጥፋው። ያጠፋሁትን ሁሉ እክሳለሁ በላት። የፈለገችውን ትጠይቅ።

ገብረማርያም


ሶዶ
ግንቦት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ ገብረማርያም፣

ለደብዳቤዎ መልስ ያዘገየሁት መልሱ እምቢ ስለሆነ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

እህቴ የመጣች ዕለት አውቶቡስ ተራ ልቀበላት ሄጄ ሳታየኝ አለፈች። በቀጥታ እማ ቤት ገባችና መሬት ላይ ተቀመጠች። መርዶ የሚያረዳት አልነበረም፣ ጡሩምባም አልተነፋም። ጎረቤት በራፉን ዘጋ። ብቻዋን ስታለቅስ በአጥሩ በኩል ይሰማ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነሣም። እኔ ልገባ ብል ከውስጥ ቆልፋለች። ሲመሻሽ ዛራ ሰሌኗን በብብቷ ይዛ መጣች፣ ለእሷ ብቻ ተከፈተላት፣ ሁለቱ አብረው ተቀመጡ።

ለካ እህቴ ያወቀችው በየካቲት ነው። የእኔን የመጀመሪያ መልስ ባነበበች ማግስት ዛራ ሱቅ ደውላ «እናቴ ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ሰጥታ አታውቅም። ሦስት ስም ሳትጠራ፣ በመካከሉ ሳትሰድበኝ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። እናቴ የት ናት?» አለቻት። ዛራ መዋሸት አልቻለችም፣ መናገርም አልቻለችም፤ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፤ ኋላ ግን የጠየቀቻትን ሁሉ ነገረቻት። ያኔውኑ ለምን አልመጣሽም ብላ ስትጠይቃት እህቴ የመለሰችላት «ብመጣ ማን ያምነኛል? ወንድሜ ሰምታ ቀረች ብሏል። እነሱው በጻፉት፣ እነሱው በፈረሙት ይታወቅልኝ» ብላ ነው።

የዛራ ልጅ ቡርሃን ከተማ ውስጥ የኮምፒውተርና የፎቶኮፒ ሱቅ አለው። እናቱ አዘዘችው፣ ገጾቹን አተመ። ዛራ ወረቀቱን ይዛ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ገባች፤ ሴት፣ ያውም እስላም፣ በዕድራችን ስብሰባ ቆማ አታውቅም። ለአጎቴ ጦና ሰጠችው። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛውን አነበበ፤ መጨረሻው ሁሉ አንድ ነው። አራተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀና «ልጅቷን ምን አደረግናት» አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ጡሩምባ ተነፋ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሶዶ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ከሁምቦ በጋሪ፣ ከቦዲቲ በአውቶቡስ መጡ፤ ከቤሌ ሳይቀር የመጣ አለ። እናቴ ዛሬ የሞተች ያህል አለቀሱ። አጎቴ ጦና ሽማግሌው ሰውዬ እህቴ እግር ላይ ወደቀ። እኔ የድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ነበር። የሚገባው ሁሉ በአጠገቤ ያልፋል፤ አንድ ሰው «ያጽናህ» አላለኝም። እናቴን የቀበርኩ እኔ ነኝ፣ ዓይኗን የከደንኩ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ጫማውን አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች፣ እሷን ተቀበሏት።

እርስዎ እንዳሉኝ ሽማግሌ ለመንኩ። ሁለቱ እምቢ አሉኝ፣ አንዱ ለእርስዎ ብሎ ሳይሆን በዕድሩ በተነበበው ወረቀት አፍሮ ሄደላት። የመለሰችለት ይህን ነው፦ «ሕጉ የእሳቸው ነው፤ ያጸደቁት እሳቸው ናቸው። የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ በሏቸው።»

ከዚያ እኔ ራሴ ገባሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የእማን ቃል ማድረስ ነበረብኝ። አራት ወር ያህል እርስዎ ያዝ ሲሉኝ የያዝኩትን ቃል። ዛራ ተነሥታ ልትወጣ ስትል እህቴ ያዘቻት። እኔ ቆሜ ነገርኳት። እማ ድምፅዋ አልቆ፣ እጄን ጨብጣ፣ እንዲህ ነው ያለችው፦ «ለብሩኬ ንገራት። ለታይቱ፣ ለዚያች ለምላሳሟ ንገራት፤ አልተቀየምኳትም። ትምጣና እንደፈለገች ታርመኝ።»

ጋሼ፣ እውነት ነው። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድ እውነት ቢኖር እሱ ነው።

እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አመነችኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ረጋ ብላ «ሦስት ስም» አለችኝ። «ስድቡንም ጨመርክበት። አሁንስ ተማርክ።»

መጽሐፍ ቅዱስ አምጥቼ ማልኩ፣ በእማ መቃብር ማልኩ፣ ተንበረከክኩ። ዛራ «ወንድምሽ ነው፣ ምናልባት...» ብላ ጀመረችና አላስጨረሰቻትም። ወረቀትና ብዕር አወጣችና የእማን ቃል እኔ እንዳልኩት፣ ባማረ ጽሕፈቷ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት ጻፈችው። ከሥሩ ያችኑ መስመር ጨመረች፦ ተናጋሪ፦ አሳየሽ፣ ከሞተች በኋላ። ጸሐፊ፦ ልጇ ሚልክያስ ጩማ። ፈቃጅ የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሩን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

ፈረምኩ፣ ጋሼ።

ሚልክያስ